ሌባ ሻይ የወደቀበት ቤት

(በሳይንስ ክበብ የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የክበባችን ጸሐፊ ለዛሬው ምሽት ንግግር እንዳዘጋጅ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ስለ ምን እንደምናገር ለመምረጥ ብዙ አልደከምኩም። ካለፈው የትምህርት ወቅት ጀምሮ በሆዴ የያዝኩት አንድ የኀፍረት ታሪክ አለኝና፣ እርሱን ብናገር ለእኔ መገላገያ፣ ለእናንተም ምናልባት መማሪያ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከሕግና ከሥነ ጽሑፍ ክፍል የመጣችሁ እንግዶቻችን «ይህ የሳይንስ ተማሪዎች ጉዳይ ነው» ብላችሁ እንዳትነሡብኝ እለምናለሁ። ነገሩ ስለ ምስክር ነው፤ ምስክርን ስለ መመርመር ደግሞ ከሕግ ተማሪዎች የሚበልጥ ዐዋቂ ከየት ይመጣል?

ታሪኩ እንዲህ ነው። በተግባር ትምህርት ሰዓት አራት ተማሪዎች ሆነን፣ ከአይጥ መቅኔ የተቆረጠ ስስ ቁራጭ በመስታወት ላይ አስቀምጠን፣ አንድ ተቀባይ ፕሮቲን በውስጡ መኖር አለመኖሩን አንቲቦዲ በሚባለው ነገር እንድንመረምር ታዘዝን። የአንቲቦዲን ምንነት ጥቂት ቆይቼ እገልጻለሁ። ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። አንቲቦዲውን ጠብ አደረግን፤ አጠብን፤ ሁለተኛውን ጨመርን፤ አጠብን፤ በመጨረሻም ቀለም የሚያወጣውን ፈሳሽ አፈሰስንበት። በማይክሮስኮፕ ብንመለከት ቁራጩ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ሆኗል! እልል ለማለት ጥቂት ቀርቶን ነበር። ከመካከላችን አንዱ፣ እኔ እንደሆንኩ አልክድም፣ «ተቀባዩ በመቅኔ ውስጥ በብዛት ይገኛል» ብሎ መደምደሚያውን በደብተሩ ላይ ጽፎ ከሥሩ ሁለት መሥመር አሰመረ።

መምህራችን መጡ፤ ጎንበስ ብለው አዩና «መልካም ነው። አንቲቦዲ ያልነካው መስታወት የታለ?» ብለው ጠየቁን። መመሪያው ስለሚያዝ እርሱንም አዘጋጅተን ነበር፤ ነገር ግን በደስታችን ብዛት ማንም ዞር ብሎ አላየውም። አምጥተን በማይክሮስኮፕ ሥር ብናደርገው እርሱም ቡናማ ነው። ለካ የመቅኔ ሕዋሳት ራሳቸው ቀለሙን የሚያወጣ ኤንዛይም በተፈጥሮ ስላላቸው፣ አስቀድሞ በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ማብረድ ያስፈልግ ኖሯል፤ እኛ ያን መሥመር ሳናነብ ዘለነዋል። መምህራችን አልተቆጡም። «እንግዲህ ያያችሁት ተቀባዩን ሳይሆን ችኮላችሁን ነው» ብለው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄዱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው።

በዚያ ቀን ማታ በመኝታ ቤቴ ሆኜ ነገሩን ሳሰላስል አንድ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። የእኛ ስሕተት ቀላል ነበር፤ ሁለተኛውን መስታወት በማየት ብቻ ተገለጠ። አንቲቦዲ ያልነካው መስታወት ነጭ፣ የነካው ግን ቡናማ ቢሆንስ ኖሮ? መደምደሚያዬ እውነት ይሆን ነበርን? ይህን ጥያቄ ይዤ ማንበብ ብጀምር፣ ከእኔ እጅግ የሚበልጡ ሰዎች በዚሁ ጥያቄ ላይ መሰናከላቸውን፣ ያም መሰናክል የበሽተኞችን ሕይወት የሚመለከት መሆኑን ተረዳሁ። ዛሬ ማታ የምነግራችሁ ያን ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ተቀባይ ማለት ምንድር ነው? የሰውነታችን ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በመልእክት ነው። መልእክቱ በደም ተሳፍሮ የሚጓዝ ሆርሞን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መልእክት ሁሉ ለሁሉ አይደርስም፤ የሚሰማው ለዚያ መልእክት የተሠራ ተቀባይ ፕሮቲን ያለው ሕዋስ ብቻ ነው። ይህ ተቀባይ እንደ ደጅ ጠባቂ ነው፤ አንደኛው እጁ ከበሩ ውጭ፣ ሁለተኛው እጁ ከግቢው ውስጥ ነው። በውጭው እጁ መልእክቱን ሲይዝ፣ በውስጠኛው እጁ በግቢ ያሉትን ይቀሰቅሳል።

ምሳሌ አድርጌ የያዝኩት የኤሪትሮፖየቲንን ተቀባይ ነው። ኩላሊታችን በደም የሚመጣለት ኦክሲጅን ማነሱን ሲያውቅ ኤሪትሮፖየቲን የሚባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል። ሆርሞኑ መቅኔ ውስጥ ገብቶ፣ ቀይ የደም ሕዋስ ለመሆን በመንገድ ላይ ያሉትን ሕዋሳት ያገኛል። በገጻቸው ላይ ያሉት ተቀባዮች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይይዙታል፤ በውስጥ በኩል ተጠግቶ የሚኖረው ጃክ 2 የሚባል ኤንዛይም ይነቃል፤ እርሱም ስታት 5 የተባለውን መልእክተኛ ወደ ሕዋሱ አስኳል ይልካል። ትእዛዙ አጭር ነው፦ አትሙቱ፤ ተባዙ፤ ደም ሁኑ።

ይህ ሆርሞን ለእኛ ለደገኞቹ ባዕድ አይደለም። ሰው ወደ ከፍታ ሲወጣ ኤሪትሮፖየቲን ይጨምራል፤ ደሙም ይበዛል። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ደም በሄሞግሎቢን የበለጸገው ከዚህ የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሄሞግሎቢን መጠን በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው መጠን እምብዛም እንደማይለይ አሳይተዋል። የተራራ ሰው ሁሉ አንድ ዐይነት አለመሆኑን ያስተማረ ጥናት ነው።

የሆርሞኑ ታሪክ ረጅም ነው። ካርኖና ደፍላንድር የተባሉ ፈረንሳውያን እንዲህ ያለ ነገር በደም ውስጥ መኖር አለበት ብለው የጻፉት በ1906 ነው። ሆርሞኑ ግን በደም ውስጥ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ተጣርቶ የተገኘው ከ71 ዓመት በኋላ በ1977 ነው። ይኸውም በጃፓን አገር መቅኔያቸው ደም መሥራት ካቃተው በሽተኞች 2,550 ሊትር ሽንት ተሰብስቦ፣ ዩጂን ጎልድዋሰርና ባልደረቦቹ በቺካጎ አጣርተውት ነው። በ1985 ጂኑ ታወቀ፤ በ1989 በአሜሪካ መድኃኒት ሆኖ ተፈቀደ። ኩላሊታቸው ደክሞ ደማቸው የደረቀ በሽተኞች በዚህ መድኃኒት ደም ከመቀበል ዐረፉ። በዚያው በ1989 ዳንድሪያ፣ ሎዲሽና ዎንግ የተቀባዩን ጂን ከአይጥ ሕዋስ አገኙ።

አሁን ወደ ምስክሩ እንምጣ። እንስሳ ባዕድ ነገር ሲገባበት፣ ያንኑ ባዕድ ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን በደሙ ውስጥ ይሠራል። ይህ በአማርኛ ፀረ እንግዳ አካል፣ በላቦራቶሪ ቋንቋችን አንቲቦዲ የሚባለው ነው። ሊቃውንቱ ይህን የተፈጥሮ ችሎታ ለራሳቸው ሥራ አዋሉት። ከሚፈልጉት ፕሮቲን ላይ ትንሽ ክፋይ፣ ሃያ ያህል አሚኖ አሲዶች ያሉት ፔፕታይድ፣ አስመስለው ይሠሩና ጥንቸል ይወጉበታል። ከሳምንታት በኋላ ከጥንቸሏ ደም አንቲቦዲውን ይወስዳሉ። ከዚህ የተሻለ ዘዴም አለ፤ ኮህለርና ሚልስታይን በ1975 ካምብሪጅ ላይ ባገኙት ዘዴ፣ አንድ ዐይነት አንቲቦዲ ብቻ የሚሠራ የሕዋስ ዘር ማርባት ይቻላል፤ ለዚህም በ1984 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

አንቲቦዲው ግን በዐይን አይታይም። ስለዚህ እርሱን የሚይዝ ሁለተኛ አንቲቦዲ ይጨመራል፤ በሁለተኛው ላይ ኤንዛይም ታስሯል፤ ኤንዛይሙ ቀለም አልባውን ፈሳሽ ቡናማ ያደርገዋል። እንግዲህ ልብ በሉ! በማይክሮስኮፕ ያየነው ቡናማ ነገር ተቀባዩ አይደለም። የኤንዛይሙ ሥራ ነው። ኤንዛይሙ ሁለተኛው አንቲቦዲ እዚያ እንዳለ ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ አንደኛው ይናገራል፤ አንደኛው ስለ ተቀባዩ ይናገራል። የሰማነው ከሦስት አፍ የተላለፈ ወሬ ነው።

እዚህ ላይ አባቶቻችን የሚያውቁት አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። በቀድሞ ዘመን እቃ ሲሰረቅ ሌባ ሻይ ይጠራ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ በገመድ ታስሮ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ በመንደሩ ይዞራል፤ ሕዝቡም ይከተላል። ልጁ ሄዶ ከአንድ ቤት ደጃፍ ሲወድቅ የዚያ ቤት ጌታ ሌባ ነው ይባላል፤ የተሰረቀውንም ይከፍላል። ልጁ ምን አይቶ ወደቀ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። መውደቁ ራሱ ፍርድ ነበረ። ዛሬ ይህን ስንሰማ እንስቃለን። ነገር ግን አንቲቦዲ ጠብ አድርገን፣ ሄዶ የወደቀበትን ቦታ ቡናማ ሆኖ ስናየው፣ «ተቀባዩ የተገኘበት ቤት ይህ ነው» ብለን የምንፈርደው ፍርድ ከዚያ በምን ይለያል? የሚለየው ልጁን ከመረመርነው ብቻ ነው።

አሁን ታሪኩን ልቀጥል። በነቀርሳ የታመመ ሰው ብዙ ጊዜ ደሙ ያንሳል፤ ስለዚህ ኤሪትሮፖየቲን ለነቀርሳ በሽተኞችም ይሰጥ ጀመር። ደም ከበዛ ኃይል ይጨምራል፤ ኦክሲጅን ወደ ዕጢው ከገባ የጨረር ሕክምናም ይበረታል ተብሎ ተስፋ ተደረገ። በጀርመን አገር ሚካኤል ሄንኬና ባልደረቦቹ ይህን ለማረጋገጥ የራስና የአንገት ነቀርሳ ያለባቸውን 351 በሽተኞች በሁለት ከፈሏቸው፤ ለአንደኛው ወገን መድኃኒቱ፣ ለሁለተኛው ወገን መድኃኒትነት የሌለው ማስመሰያ ተሰጠ። ውጤቱ በ2003 ታተመ። መድኃኒቱን የወሰዱት ደማቸው በዛ፤ ነቀርሳቸው ግን ከሌሎቹ ይልቅ ተመልሶ ጠናባቸው። ሐኪሞቹ ደነገጡ።

ለምን ሆነ? አንድ ግልጽ የሚመስል ሐሳብ ነበረ። የነቀርሳው ሕዋስ ራሱ የኤሪትሮፖየቲን ተቀባይ ካለው፣ «አትሙቱ፤ ተባዙ» የሚለውን ትእዛዝ እርሱም ይሰማል ማለት ነው። ለመቅኔው የተላከውን ደብዳቤ ጠላት ከፍቶ ያነበዋል። ስለዚህ የበሽተኞቹ ዕጢ ቁራጭ ከተቀመጠበት ወጥቶ በአንቲቦዲ ተመረመረ። ሄንኬና ባልደረቦቹ በ2006 እንዳሳተሙት፣ ከተመረመሩት 154 ቁራጮች ውስጥ 104ቱ ቀለሙን አሳዩ፤ የመድኃኒቱም ጉዳት የታየው ቀለም ባሳዩት ላይ ነበር። ጽሑፋቸውን በጥያቄ መልክ መሰየማቸው ለጥንቃቄያቸው ይመሰክራል። ቢሆንም ለአንባቢው ነገሩ የተፈታ መሰለ። ከዚያም በፊት በነበሩት ዓመታት በልዩ ልዩ ዐይነት ነቀርሳ ላይ ይኸው ተቀባይ ተገኘ የሚሉ ጽሑፎች በብዛት ወጥተው ነበር።

አብዛኛው ይህ ምስክርነት የተገኘው ሲ 20 ከሚባል አንድ አንቲቦዲና ከጥቂት መሰሎቹ ነው። ሲ 20 የጥንቸል አንቲቦዲ ነው፤ ጥንቸሏ የተወጋችው በተቀባዩ የመጨረሻ ጫፍ ላይ ካለው ክፋይ ነው።

በዚያው በ2006 ስቲቭ ኤሊየትና ባልደረቦቹ ደም በሚባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ምስክሩን ራሱን ለፍርድ አቀረቡት። የጀመሩት ማንም ተማሪ ሊጠይቀው ከሚችለው ጥያቄ ነው፦ የተቀባዩ ክብደት ምን ያህል ነው? ከጂኑ ተነሥቶ ሲሰላ ከ56 እስከ 57 ኪሎዳልተን መሆን ነበረበት። ፕሮቲኖች በጄል ውስጥ በክብደታቸው ተለይተው በአንቲቦዲ ሲታዩ ግን፣ እነዚህ አንቲቦዲዎች የሚያመለክቱት ከ66 እስከ 78 ኪሎዳልተን የሚመዝን ነገር ነበረ። ልዩነቱ ለዓመታት በታተሙት ሥዕሎች ላይ ለሁሉ ይታይ ነበር። ቁመቱ ረጅም፣ መልኩ ቀይ የሆነ ሌባ ስንፈልግ፣ ልጁ ከአንድ አጭር ጥቁር ሰው ደጃፍ ይወድቅ ነበር፤ እኛም ሰውየውን ቀና ብለን አላየነውም።

ኤሊየትና ባልደረቦቹ ያን 66 ኪሎዳልተን የሚመዝነውን ነገር ከጄሉ ቆርጠው አወጡና ምንነቱን መረመሩ። የተገኘው የኤሪትሮፖየቲን ተቀባይ ሳይሆን ኤች ኤስ ፒ 70 የሚባል ፕሮቲን ነበረ። ይህ ፕሮቲን ሕዋስ በሙቀት ወይም በሌላ ጭንቅ ሲያዝ የሚበዛ፣ ሌሎች ፕሮቲኖችን ከመበላሸት የሚጠብቅ ነው። ከአሚኖ አሲዶቹ ጥቂቶቹ ጥንቸሏ ከተወጋችበት ክፋይ ጋር ይመሳሰላሉ፤ አንቲቦዲውም በዚያ መመሳሰል ተታለለ። በዚያ ላይ ተቀባዩ ራሱ እጅግ ብርቅ ነው፤ በሚገኝባቸው የመቅኔ ሕዋሳት ላይ እንኳ በአንድ ሕዋስ ወደ አንድ ሺህ ገደማ ቢሆን ነው። ኤች ኤስ ፒ 70 ግን በብዙ ዕጢ ውስጥ ሞልቶ ተርፏል። ብርቅ የሆነውን የሚፈልግ ምስክር በየመንደሩ ከሞላ መሳይ ጋር ሲገናኝ ማንን እንደሚጠቁም መገመት አያስቸግርም።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ሳልለይ ባልፍ እኔም የሌባ ሻይን ሥራ መሥራቴ ነው።

አንደኛ፣ የመድኃኒቱ ጉዳት ከአንቲቦዲው ጋር አብሮ አልወደቀም። ጉዳቱ የታወቀው በቀለም ሳይሆን በሰው ቁጥር ነው። በ2007 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት በመድኃኒቱ ላይ በሳጥን የተከበበ ማስጠንቀቂያ አስጻፈ። በ2009 ቦሊየስና ባልደረቦቿ የ53 ጥናቶችን፣ የ13,933 የነቀርሳ በሽተኞችን መዝገብ ሰብስበው ሲመረምሩ፣ በጥናቶቹ ጊዜ መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ የሞት አደጋ በ17 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። የወደቀው ጉዳቱ ሳይሆን ጉዳቱ ለምን እንደ ደረሰ ያስረዳ የመሰለን ማስረጃ ነው። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቀለሙ እውነት ቢሆን ኖሮ ሐኪሙ ዕጢውን ቀብቶ «ለአንተ ይሆናል፤ ለአንተ አይሆንም» እያለ መድኃኒቱን ማደል በቻለ ነበር። በተሳሳተ ምስክር ቢያድል ግን ነጭ የሆነለትን በሽተኛ «አትፍራ» ብሎ ወደ አደጋ ይልከዋል።

ሁለተኛ፣ ምስክሩን የመረመሩት ሰዎች ራሳቸው ከጉዳዩ የራቁ አልነበሩም። ኤሊየት ያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው አምጄን የተባለው ኩባንያ ይህንኑ መድኃኒት የሚሸጥ ነው፤ ተቀባዩ በነቀርሳ ላይ የለም ቢባል የሚጠቀም ኩባንያ ነው። የሕግ ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ጆሯቸው እንደሚቆም ዐውቃለሁ፤ መቆሙም ይገባል። ነገር ግን ጥቅም ያለው ሰው የተናገረው ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ክብደቱ 66 እንጂ 57 አለመሆኑን ማንም በጄሉ ላይ ሊያየው ይችላል። የሚናገረው ሰው ማን እንደሆነ እንጠይቅ፤ ከዚያም የተናገረውን ራሱን እንመርምር።

ሦስተኛ፣ ጥያቄው በዚህ አልተዘጋም። የአምጄን ሰዎች በ2010 የተሻለ አንድ አንቲቦዲ ሠርተው ብዙ የነቀርሳ ሕዋስ ዘሮችን ቢመረምሩ፣ ተቀባዩ ወይ እጅግ ጥቂት ሆኖ ወይም ሳይኖር፣ ለሆርሞኑም መልስ ሳይሰጥ አገኙት። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ በአንዳንድ የነቀርሳ ሕዋስ ላይ ሆርሞኑ ሥራ ይሠራል ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ ሊቀጥል ይችላል፤ በተመረመረ ምስክር እስከ ሆነ ድረስ መልካም ክርክር ነው።

«ይህ የአንድ አንቲቦዲ ዕድለ ቢስነት ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። አይደለም። በ2017 በስዊድን አገር ቤታ የተባለውን የኤስትሮጅን ተቀባይ ያሳያሉ የተባሉ 13 አንቲቦዲዎች ተመረመሩ፤ ተቀባዩን ብቻ ለይቶ የያዘው አንዱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በእርሱም ቢፈለግ፣ በጡት ነቀርሳ ውስጥ አለ ተብሎ ለዓመታት ሲጻፍለት የኖረው ተቀባይ አልተገኘም። በ2023 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ለ65 ፕሮቲኖች የተሠሩ 614 የገበያ አንቲቦዲዎች ተፈተኑ፤ ፈላጊውን ያሳፈረው አንቲቦዲ ጥቂት አልነበረም። ለእያንዳንዱ ፕሮቲን በአማካይ 12 ያህል የታተሙ ጽሑፎች ተፈላጊውን ፕሮቲን በማይዝ አንቲቦዲ የተገኘ ማስረጃ ይዘው ተገኙ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት ለላቦራቶሪም ይሠራል።

እንግዲህ ምስክሩ እንዴት ይመረመር? በእኔ በራሴ መስታወት ልጀምር። አንቲቦዲ ያልነካው መስታወት አስፈላጊ ነው፤ ግን የሚነግረን ቀለሙ ከሌላ ነገር አለመምጣቱን ብቻ ነው። አንቲቦዲው ትክክለኛውን ፕሮቲን መያዙን አይነግረንም። ብዙዎች ሌላ ዘዴ ይጠቀማሉ፤ አንቲቦዲውን ጥንቸሏ ከተወጋችበት ፔፕታይድ ጋር ቀላቅለው ያጠግቡታል፤ ቀለሙ ሲጠፋ «ተረጋገጠ» ይላሉ። ይህም አይበቃም። ኤች ኤስ ፒ 70ን የሚይዝ እጅ በፔፕታይዱ ከተሞላ እርሱንም አይይዝም። ልጁን ከምሰሶ ብታስረው ከማንም ደጃፍ አይወድቅም፤ ይህ ግን ትናንት የወደቀበት ቤት የሌባ ቤት እንደነበረ አያረጋግጥም።

በ2016 አንድ ዓለም አቀፍ የሊቃውንት ቡድን አምስት የመመርመሪያ መንገዶች አቅርቧል። በጣም ጠንካራው ጂኑን ማጥፋት ነው፤ የተቀባዩ ጂን በሌለበት ሕዋስ ላይ ቀለሙ ከቀጠለ ምስክሩ ሐሰተኛ ነው። ሁለተኛው አንቲቦዲ በማይነካው ሌላ ዘዴ መለካት ነው፤ የጂኑ መልእክት በሚበዛበት ቦታ ቀለሙም መብዛት፣ በሚያንስበት ማነስ ይገባዋል። ይህ ነገሩን ለአንድ ሰካራም ልጅ ከመተው ይልቅ እንደ አፈርሳታ አገሩን ሰብስቦ እንደ መጠየቅ ነው። ሦስተኛው ከተቀባዩ ሌላ ክፍል ላይ የተሠራ ሁለተኛ አንቲቦዲ ጠርቶ ቃላቸው መስማማቱን ማየት ነው። አራተኛው በተቀባዩ ላይ የታወቀ ምልክት ተክሎ፣ ምልክቱና ቀለሙ አብረው መገኘታቸውን መመልከት ነው። አምስተኛው አንቲቦዲው የያዘውን ነገር ይዞ እንዲወጣ አድርጎ፣ የተያዘውን በመሣሪያ ማንነቱን መለየት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ለአንድ ሥራ የታመነ ምስክር ለሌላው ሥራ አይታመንም። ኤሊየት ከመረመራቸው አንቲቦዲዎች አንዱ በጄል ላይ እውነተኛውን ተቀባይ በትክክለኛ ቦታው ማሳየት ችሎ ነበር፤ በዕጢ ቁራጭ ላይ ግን የማይጠቅም ሆነ። በጄል ላይ ፕሮቲኖቹ በክብደታቸው ተለያይተው ስለሚሰለፉ መሳዩን ከእውነተኛው መለየት ይቻላል። በቁራጭ ላይ ግን ሁሉም ተደባልቆ ቡናማ ነው፤ ክብደቱን የሚናገር የለም።

ክቡራን መምህራን፤ ውድ ጓደኞቼ፤

አሁን በጓደኞቼ ዘንድ ዘወትር ወደሚነሣው ክርክር እመጣለሁ። «ይህ ሁሉ ለሀብታም ላቦራቶሪ ነው» ይሉኛል። «አንድ ብልቃጥ አንቲቦዲ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ ወራት ተጠብቆ፣ በጉምሩክ አልፎ ሲደርስ የትንሽ ጣት ጥፍር አይሞላም። ግማሹን ለማመሳከሪያ ካጠፋነው ለምርምሩ ምን ይተርፈናል?» ይህ ክርክር የቀልድ አይደለም፤ እኔም ብልቃጡን በእጄ ይዤ አውቀዋለሁና እውነቱን አልክድም።

ነገር ግን ሒሳቡ ተገላቢጦሽ ነው እላለሁ። ሀብታሙ ላቦራቶሪ ተሳስቶ አንድ ዓመት ቢያጠፋ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ብልቃጥ ይገዛል። እኛ ግን ያለን ያው አንድ ብልቃጥ ነው። ግማሹን ለመመርመሪያ ብናውለው ግማሹ ማስረጃ ይሆናል፤ ሳንመረምር ብንጨርሰው ሙሉው ቡናማ ቀለም ሆኖ ይቀራል። ማመሳከሪያ የድሃ ቅንጦት ሳይሆን የድሃ ቁጠባ ነው። ደግሞም ከመመርመሪያዎቹ ብዙዎቹ ብልቃጥ አያስጨርሱም። ክብደቱን በጄል ማየት ይቻላል። ተቀባዩ እንዳለው የታወቀ ሕዋስና እንደሌለው የታወቀ ሕዋስ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል። በስዊድን የሚዘጋጀው የሰው ፕሮቲን አትላስም ሆነ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የ614ቱ አንቲቦዲዎች ፈተና ውጤት ያለ ክፍያ ለሁሉ ክፍት ነው። ብልቃጡን ከማዘዝ በፊት ማንበብ ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ለዚህ ስብሰባ ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በአንቲቦዲ የተሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ ቡናማውን ሥዕል ብቻ ሳይሆን የማመሳከሪያውንም ሥዕል ከጎኑ እንዲያትም የትምህርት ክፍሎቻችን ቢያዙ። ሁለተኛ፣ በየማቀዝቀዣው ለተቀመጠው አንቲቦዲ ሁሉ አንድ የጋራ መዝገብ ቢኖረን፤ በመዝገቡም ላይ ከየትኛው እሽግ እንደመጣ፣ በምን ያህል ተበርዞ በምን ላይ እንደሠራና በምን ላይ እንዳልሠራ ቢጻፍ፤ ምክንያቱም ከሁለት ጥንቸሎች የተገኘ አንቲቦዲ ስሙ አንድ ቢሆንም ጠባዩ አንድ አይደለም። ሦስተኛ፣ በዚህ ክበብ ውስጥ በዓመት አንድ ምሽት ለከሸፉ ሙከራዎች ይሰጥልን። ያልሠራውን ነገር የሚናገር ስለሌለ፣ አንዱ የወደቀበት ጉድጓድ ውስጥ ሌላው በተራው ይወድቃል። የመጀመሪያውን ምሽት እኔ በራሴ መስታወት ከፍቼዋለሁና የሚቀጥለው ሰው ማፈር የለበትም።

ያን «ተቀባዩ በመቅኔ ውስጥ በብዛት ይገኛል» ብዬ የጻፍኩበትን ገጽ አልቀደድኩትም። በደብተሬ ውስጥ ሁለት መሥመር ተሰምሮበት እንዳለ ነው። ከሥሩ በቀይ ቀለም አንድ ቃል ብቻ ጨምሬበታለሁ፦ «ማን አየው?»